ቦራ መሃል ላይ ብትቀር

የእህቴ ባል ሥራው የላም ትኩሳት መለካት ነው። ሰው ይኼን ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። ጠዋት ቴርሞሜትሩን ቅባት ይቀባና፣ የላሚቱን ጅራት ወደ ጎን ይዞ፣ ከኋላ አስገብቶ እስኪነበብለት ቆሞ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ያንኑ ይደግማል። እርሻው ውስጥ ያልወጣለት ስም የለም። አላቢዎቹ «የኋላ በር ዘበኛ» ይሉታል፤ ሾፌሮቹ «ትኩሳት» ይሉታል፤ በመጨረሻ ትኩሳት የሚለው ጸናበት። እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው፤ ታላቄን አግብቶ ሌላ ምን ልበለው?

እኔም እዚያው እርሻ አላቢ ነኝ። ማሽን ከመጣ ወዲህ ሥራዬ ማሽኑን ጡታቸው ላይ መግጠምና መንቀል ቢሆንም ስሜ አሁንም አላቢ ነው። የምንኖረው ከእርሻው አጥር ጀርባ በተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች ውስጥ ነው፤ እነሱ በአንዱ በር፣ እኔ በሚቀጥለው። መሃላችን ያለው ግድግዳ ከወረቀት የማይሻል ስለሆነ የሚያወሩትን ብፈልግም ባልፈልግም እሰማለሁ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዳቦ ምድጃ ውስጥ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ስለዚህ ሁላችንም ወንበር ወንበራችንን ይዘን ከቤቶቹ ጀርባ ወዳለችው ጥላ እንወጣለን።

ላሞቹም እንደኛው ናቸው። ከብርድ አገር የመጣ ደም አለባቸው። ወተታቸው ጉድ ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ግን ያቺው ጉደኛ ላም አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ታለከልካለች፣ መኖውን ታሸተውና ትተወዋለች፣ በሚቀጥለው አለባ ወተቷ ግማሽ ይሆናል። አንዳንዷ ደግሞ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆማ ምንም እንዳልተፈጠረ ታመነዥካለች። የምትችለዋን ከማትችለዋ ለመለየት ነው ዶክተሯ የመጣችው። ወጣት ናት፣ ቁጥብ ናት፣ ለዘበኛው ሳይቀር «እርስዎ» ትላለች።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ጭካኔውም እዚያው ላይ ነው። ላሚቱ ጠዋት ጥላ ሥር ትለካለች። ከዚያ ጥላ የሌለው በረት ውስጥ ፀሐይ ላይ ትውላለች። ከሰዓት እንደገና ትለካለች። ትኩሳቷ ብዙ ካልጨመረ ሙቀት ትችላለች ማለት ነው፤ ከጨመረ አትችልም። ትንፋሿም ይቆጠራል። ለዚህ ፈንጠር ብሎ ከጎኗ መቆምና ሆዷ ወደ ውጪ ባለ ቁጥር እጅ ላይ ያለችውን መቁጠሪያ መጫን ነው። ቀርበው ከቆሙባት ትደነግጣለች፤ የደነገጠች ላም ትንፋሽ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ጋሼ በዚህ አንደኛ ነው፤ ዝንብ ፊቱ ላይ ቢያርፍ እንኳ አያባርራትም።

እርሻው ሲቀጥረው በረት ጠራጊ ነበር። ከዶክተሯ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ሐኪም ናቸው እጁን ይዘው ያስተማሩት። ቴርሞሜትሩን የጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫ ውስጥ ከትቶ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል፣ ገበያም ሲወጣ አይለየውም። እህቴ «አንድ ቀን ተሳስተህ ጥርስህን ትፍቅበታለህ» እያለች ትስቅበታለች። መቁጠሩም በላም አላበቃም፤ ሰውም ይቆጥራል። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ደረቷ ላይ አፍጥጦ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይታ በጃንጥላ ልትለው ስትል መሃል የገባሁት እኔ ነኝ። «እመቤቴ፣ ትንፋሽዎን እኮ ነው የሚቆጥረው» ብላት ይባስ ተናደደች።

እህቴና ጋሼ ልጅ አልወለዱም። ሐኪም ቤት ተመላልሰው ተመላልሰው ተዉት። እቤታቸው ስለዚህ ጉዳይ አይወራም፤ የማያውቅ እንግዳ ካነሳው እህቴ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች፣ የታጠበውንም ቢሆን። ቦራ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። እናቷ ስትወልዳት ሞተች። ጥጃዋ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ፣ እግሯ መቆም ያቃታት ነበረች። «አትተርፍም፣ አትድከሙ» ተባለ። ጋሼ በጆንያ ጠቅልሎ ቤት አመጣት። እህቴ ጮኸች፣ ተሳደበች፣ «ቤቴን በረት ልታደርገው ነው ወይ?» አለች፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ጡጦ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ጥጃዋ ቆማ እስክትሄድ ድረስ ከአልጋቸው እግር ሥር ነበር የምትተኛው። በግድግዳው በኩል እህቴ «ጠጪ የኔ እናት፣ ጠጪ» ስትል እሰማ ነበር። እህቴ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ቦራ አደገች፣ በረት ገባች፣ ወለደች፣ ታለበች። የማልባት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የተለየች ላም አይደለችም። ወተቷ ደህና ነው፤ ጠባይዋ እንደኔ ነው፣ ያልፈለገችውን ነገር ገፍቶ የሚያስደርጋት የለም። እህቴ ዛሬም የድንች ልጣጭ አጠራቅማ በጋሼ እጅ ትልክላታለች። ሁለቱም ልጃችን ናት ብለው አፍ አውጥተው አይናገሩም፤ እኛም አንልም። ቢሆንም ላሚቱ የእርሻው ንብረት ናት፣ እርሻው ደግሞ ንብረቱን ሲፈልግ ይሸጣል።

የዶክተሯ ፈተና ሊጀመር ሲል ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦ ነገረን። ከኋላ የሚወጡት፣ ሙቀት የማይችሉት፣ ለቄራ ይሸጣሉ። «መኖ እየበሉ ወተት የማይሰጡትን መቀለብ በቃን» አለ። ጋሼን ዞር ብዬ አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

እቤት ገብቶ ለእህቴ ሲነግራት ሰማሁ።

«ጥቁር ናት» አላት። «ጥቁር ፀሐይ ይስባል። አትችለውም።»

«ለክተሃታል?»

«ምን መለካት ያስፈልገኛል፣ እኔ አላውቃትም? ጥጃ ሆና ፀሐይ ትንሽ ሲነካት ትዝለፈለፍ አልነበር?»

እህቴ «ለኪው አንተ ነህ» አለችው። «እንግዲህ አንድ ነገር አድርግ።»

ያደረገውን ነገር ያየሁት በፈተናው መሃል ነው። ባልዲ ፍለጋ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ዞር ስል ቦራ ጥላ ሥር ቆማለች። ጀርባዋ ላይ የራሰ ጆንያ ተነጥፏል፣ አንገቷ ላይ ሌላ፣ ከፊቷ ሙሉ ባልዲ ውሃ ተቀምጦላታል። ጋሼ ጣሳ ይዞ በጆሮዎቿ መሃል ቀስ እያለ ያፈስላታል። ሌሎቹ ማዶ በረቱ ውስጥ ፀሐይ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው ቆመዋል። እጅ ከፍንጅ ነው የያዝኩት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«መጀመሪያ የጠየቅኩህን መልስልኝ።»

«ትንሽ ላብርዳት ብዬ ነው። መጨረሻ ነው የምለካት። እስከዚያ እጠርገዋለሁ፣ ይደርቃል።»

«ዶክተሯ ብታውቅስ?»

«አንቺ ካልነገርሻት ከየት ታውቃለች?»

«እኔን ማን ዘበኛ አደረገኝ? ግን ይኼ ነገር ደስ አይልም። እነዚያን አታያቸውም እንዴ?»

ወደዚያ አልዞረም። «እና ለቄራ ይውሰዷት ነው የምትይኝ?» አለኝ፣ ድምፁ መሃል ላይ እየተቆረጠ። ባልዲዬን አንስቼ ሄድኩ። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ሳኮርፍ ዋልኩ። እነዚያንም እኮ የማልባቸው እኔ ነኝ።

ፈተናው እስኪያልቅ እንደዚያው ቀጠለ። የሚገርመው፣ በሌላው ሁሉ ሐቀኛ ሰው ነው። የሌሎቹን ትኩሳት ቅንጣት አላሳነሰም፣ ቅንጣት አልጨመረም። የቦራንም ቢሆን ቴርሞሜትሩ ካሳየው ውጪ አልጻፈም። «አልዋሸሁም» ይለኝ ነበር ባኮረፍኩት ቁጥር፤ «ያነበብኩትን ነው የጻፍኩት።» ቁጥሩን ቀንሶ መጻፍ አንዲት የብዕር ጭረት ነበረች፣ ማንም አያይም። እሱ ግን ቁጥር ከሚዋሽ ላሚቱን በውሃ ማራስ ይሻለዋል። እንዲህ ያለ ሕግ የሱ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው ዘንድ አላየሁም።

ውጤቱ ሲነገር ሁላችንም መኖ መጋዘኑ ጥግ ተሰበሰብን። ዶክተሯ ከኋላ ጀምራ አነበበች። ለቄራ የተባሉት ተጠርተው አለቁ፣ ቦራ የለችበትም። ጋሼ በረጅሙ ሲተነፍስ አጠገቡ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ ዶክተሯ ፈገግ አለች።

«ከሁሉም አንደኛ የወጣችው ቦራ ናት» አለች።

ሰው አጨበጨበ። አንዱ ሾፌር የጋሼን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ልጅህ አኮራችህ» አለው። ዶክተሯም ቀጥላ ማንም ያልጠበቀውን ተናገረች። ታች ቆላ ውስጥ፣ ከኛ እጅግ በሚብስ ሙቀት፣ አዲስ እርሻ ተከፍቷል። ከላይ የወጡት ወደዚያ ተወስደው እዚያው ይራባሉ። መሃል ላይ የወጡት ባሉበት ይቀራሉ።

ጋሼ መቁጠሪያዋን እንደያዘ ነበር። የሚቆጠር ነገር ሳይኖር ይጫናት ጀመር። እኔም ነገሩ ያኔ ገባኝ። ከኋላ እንዳትሆንበት ውሃ ሲያፈስ ሲያፈስ ከፊት አወጣት። እሱ የፈለገው መሃል ላይ እንድትቀር ብቻ ነበር። አሁን የሚልኳት እሱ ሁለት ጆንያ ደርቦባት እንኳ የሚሰጋላትን ሙቀት አሥር እጥፍ ወደሚያስከነዳ ቦታ ነው።

ከሥራ ወጥተን እቤት እንደገባን የእህቴ ድምፅ ግድግዳውን ሊያፈርሰው ደረሰ።

«ያ ውጤት ውሸት ነው። እዚያ ስትደርስ ውሃ የሚያፈስላት ማነው?»

«አንድ ነገር አድርግ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ግደላት አልኩህ?»

ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ፤ የእሷ መስሎኝ ነበር፣ የእሱ ነው። አላስቻለኝም፣ ተነሥቼ ገባሁ። ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። እህቴ በሩ ጋ ቆማ እጇን መጥረጊያ ጨርቁ ላይ ታሻለች።

«ሂድና ለዶክተሯ ንገራት» አልኩት።

«ሥራዬን አጣለሁ።»

«ታጣ ይሆናል።»

«ይጣ» አለች እህቴ። «ሥራ ይገኛል።»

አይገኝም። በእሱ ዕድሜ ላለ፣ የላም ትኩሳት ከመለካት በቀር ሙያ ለሌለው ሰው እንደማይገኝ ሦስታችንም እናውቃለን። እህቴ ይኼን እያወቀች ነው ያለችው።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሯ ቢሮ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው እኔን ሊጠራ መጣ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ሄድኩ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፣ ሙቁን አየር ከወዲያ ወዲህ ከማመላለስ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ጋሼ ቆሞ ኮፍያውን ይጠመዝዛል።

«አላመነችኝም» አለኝ። «ላሟ እንዳትሄድብኝ የፈጠርኩት መስሏታል። ያየሽውን ንገሪልኝ።»

ሰው ንጹሕ ነው ብሎ የሚመሰክር አይቻለሁ፣ አጥፍቷል ብሎ የሚመሰክርም አይቻለሁ። አጥፊው ራሱ «በሞቴ፣ እንዳጠፋሁ መስክሪልኝ» ብሎ ሲለምን ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልጠግብም ነበር። ነገርኳት፤ ጆንያውን፣ ባልዲውን፣ ታንከሩን። ስታዳምጠኝ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ሌሎቹንስ?» አለችው።

«ሌሎቹን አልነካሁም ዶክተር። ነክቼ ከሆነ ዓይኔን ያጥፋው።»

«እንዴት ልመንዎት?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ።

«አንዷን አርጥበዋል። ሌሎቹን ላለማርጠብዎ ያለኝ ማስረጃ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። ስንት ሰው የሚመራበት ሥራ እኮ ነው፣ ገበሬው በዚህ ተመርቶ ነው ላም የሚገዛው። እኔ በእርስዎ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማምነው።» እዚህ ላይ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረች። «ሁሉም እንደገና ይለካሉ። በራሴ እጅ።»

«አሁን?» አልኩ ሳላስበው። «ዶክተር፣ ሙቀቱ እኮ ብሷል። ያኔ የቻሉት አሁን ላይችሉ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሌላ መንገድ ካላችሁ ንገሩኝ።»

ሌላ መንገድ አልነበረንም። ጋሼ ኮፍያውን መጠምዘዙን አቆመ። አንዷን ለማዳን የተናዘዘው ነገር ሁሉንም መልሶ ፀሐይ ላይ ሊያቆማቸው እንደሆነ ያኔ ነው የታየው። ከቢሮው ስንወጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ እኔም ልቆጣው ብዬ ያዘጋጀሁትን ዋጥኩት።

አላባረረችውም። ከመለኪያው አንስታ ድርቆሽ ተሸካሚ አደረገችው፣ በረቱ አጥር ውስጥ እንዳይገባም ከለከለችው። ቴርሞሜትሩን ከነማስቀመጫው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦላት ወጣ። ቀኑን ሙሉ እጁ ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሲሄድ አይ ነበር።

ላሞቹ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ እንደገና ፀሐይ ላይ ቆሙ። አየሩ ያኔ ከነበረው የባሰ ነው፤ የበረቱ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ወተቱ እንዲህ ወርዶ አያውቅም። አላቢዎቹ ጋሼ በአጠገባቸው ድርቆሽ ተሸክሞ ሲያልፍ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ያ «ልጅህ አኮራችህ» ያለው ሾፌር፣ ጋሼ እየሰማው፣ «አንዳንዱ ሰው ለገዛ ላሙ ሲያዝን የሰው ላም ይፈጃል» አለ። ጋሼ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈ፤ እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ሾፌሩን ልክ ልኩን ነገርኩት። ከዚያ ወተት ቤት ገብቼ ሳስበው፣ የተናገረው ነገር እኔው በሆዴ ስለው የከረምኩት ነበር።

ዳልቻ የወደቀችው በዚያ ሳምንት ነው። ዳልቻ አሮጊት ላም ናት፣ ለማንም ክፉ ሆና አታውቅም፤ ማሽኑን ስገጥምላት ራሷ እግሯን ታስተካክልልኛለች። በመጀመሪያው ፈተና መሃል ላይ ነበር የወጣችው፤ ጋሼ ለቦራ የተመኘላትን ቦታ ያለማንም ውሃ አግኝታው ነበር። አሁን ከፀሐዩ በረት ስትወጣ ጉልበቷ ከዳት። ዶክተሯ ራሷ ቱቦ ይዛ ሮጠች፣ ሁላችንም ባልዲ በባልዲ ሆንን። ነፍሷ ተረፈች፣ ወተቷ ግን በዚያው ነጠፈ። ለቄራ ከተባሉት ጋር ተጻፈች። ጋሼ የድርቆሹን ሸክም ትከሻው ላይ እንደያዘ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያይ ነበር፤ ሲያወርደው አላየሁትም።

የቦራ ቀን ደረሰ። ከአለባ በኋላ አጥሩ ጋ ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ። ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ ብዙ አልፈለገም። ትንሽ እንድትደክም፣ ትንሽ እንድታለከልክ፣ እንዳትወድቅ ብቻ። መሃል ላይ ብትቀርለት። ጥቁሩ ጀርባዋ ፀሐይዋን ተሸክሟል። ጋሼ ከሩቅ ሆዷን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«እንዴት ናት?» አልኩት።

«ዝም በይ፣ ታሳስቺኛለሽ።»

ከሰዓት ዶክተሯ ገባችና ለካቻት። አየች። እንደገና አስገብታ ጠበቀች፣ እንደገና አየች። ከዚያ በረቱን አቋርጣ ወደኛ መጣች። አጥሩ መሃላችን ነው።

«ያኔ እርስዎ በውሃ አብርደው ያገኙት ቁጥር ነው» አለችው። «ያው ነው። ለውጥ የለውም።»

ጋሼ አልገባውም። «ጥቁር ናት እኮ» አለ።

«ጥቁር ናት። ፀጉሯ ግን አጭርና ልስልስ ነው፣ ላብም በደንብ ይወጣታል። በዚህ ሙቀት እንዲህ የቆመች ሌላ የለችም።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም፣ «ውሃው አላስፈለጋትም ነበር» አለችው።

ዶክተሯ ሄደች። ጋሼ ሽቦውን እንደያዘ ቀረ። ደስ ሊለው ነው፣ ሊያለቅስ ነው፣ ከፊቱ መለየት አልቻልኩም። ልጁ ጎበዝ ናት፤ ጎበዝ ስለሆነች ይወስዷታል። ባይዋሽ ኖሮ፣ ባይነካካ ኖሮ፣ ያው አንደኛ ወጥታ ያው ትሄድ ነበር። ዳልቻ ግን ቤቷ ትቀር ነበር። ይኼን ሁሉ እኔ አላልኩትም፤ እሱ ራሱ አንድ በአንድ ሲደርስበት ከዓይኑ አየሁት።

«የሰውን ትንፋሽ ስቆጥር ኖሬ» አለኝ፣ «እሷን አንድም ቀን አላመንኳትም።»

ልጅ ያለው ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው ልለው ፈለግኩ፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

መኪኖቹ የመጡት በአንድ ጠዋት ነው። የቄራው ቀድሞ ጭኖ ወጣ። ዳልቻ ራሷን ዝቅ አድርጋ ገባች፣ እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር። ከዚያ የቆላው ተጠጋ። ሌሎቹ ገቡ፤ ቦራ መወጣጫው ጋ ስትደርስ እግሯን ተከለች። ከፊት ጎተቷት፣ ከኋላ ገፏት፣ አንዱ ጅራቷን ጠመዘዘ፣ እሱን በእርግጫ ስትለው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንዱ ዱላ ሲያነሳ ዶክተሯ «ማንም እንዳይመታት» አለች። ሁሉም እያለከለኩ ቆሙ። ፀሐይዋም መክረር ጀመረች።

ዶክተሯ ወደ እኔ መጣች። «ይጥሩልኝ» አለችኝ፤ ማንን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም።

ድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ነበር፣ ፀጉሩ ላይ ጭድ አለ። «ጋሼ፣ እምቢ አለች። እየጠሩህ ነው» አልኩት። «እኔን?» አለ። ያስደነገጠው መጠራቱ አልነበረም፣ ለምን እንደተጠራ ስለገባው ነው። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ልጅ እንደሚጠይቅ። «ካልሄድክ ይመቷታል» አልኩት። ኮፍያውን አደረገና ተከተለኝ።

ገመዷን ፍቱላት ብሎ በእጁ አሳያቸው። አልጠራትም፣ አልዳሰሳትም። ከፊቷ አልፎ መወጣጫውን ረግጦ ዝግ ብሎ ወጣ፣ ወደኋላም አላየ። ቦራ ጆሮዋን ወደ እሱ አዞረች። አንድ እግሯን አነሳች፣ ከዚያ ሌላውን፤ ተከትላው እንደ ቤቷ ገባች። ውስጥ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በብረቱ ሥር ጎንበስ ብሎ ወረደ፣ ሾፌሩም በሩን ዘጋ። መኪናው ሲነሣ ዶክተሯ አጠገቡ ቆማ ነበር።

እህቴ እርሻው አልመጣችም። ስንገባ ከቤቶቹ ጀርባ ጥላ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የድንች ልጣጭ ያለበት ሳህን እግሯ ሥር።

«ሄደች?» አለችው።

«ሄደች።»

«እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። መቷት?»

«ማንም አልመታት።»

«ታዲያ እንዴት ወጣች?»

ጋሼ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ ቀድሜ ወጣሁ» አላት። «ስታየኝ ተከተለችኝ።»

እህቴ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።